ልጄ የአባቱን ፊርማ አስመስሎ ፈረመ፤ ቀበቶው ደግሞ ነገሩን አባባሰው

የጀሞዋ እናት | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡40

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ አንባቢ እንጂ ጸሐፊ አልነበርኩም፤ ዛሬ የማዋየው ሰው ባጣ ነው የመጣሁት። ዘጠኝ ዓመት የሞላው ወንድ ልጅና የአራት ዓመት ሴት ልጅ አሉኝ። ትልቁ ሦስተኛ ክፍል ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት መምህሯ በመገናኛ ደብተሩ ላይ መልእክት ጻፈችልን፤ ልጁ ገጹን ቀደደው። ሁለተኛ መልእክት ሲመጣ የአባቱን ፊርማ አስመስሎ ፈርሞ መለሰላት። ፊርማው እንዲያው ለወጉ የተሞነጫጨረ እንዳይመስላችሁ፤ ባለቤቴ ሲያየው ለአፍታ የራሱ መስሎት ነበር።

ባለቤቴ ቀበቶውን ፈታ። እኔ ወጥ ቤት ነበርኩ። ሮጬ አስጣልኩት ብላችሁ ደስ ባለኝ፤ ማማሰያውን እንደያዝኩ ቆሜ ነው የሰማሁት። ልጁ «ሁለተኛ አይለምደኝም» እያለ ማለ። በሳምንቱ ደብተሩ ራሱ ጠፋ። «መምህሯ ጋ ነው» አለን። አማቴ ጤፍ ሊያነፉ ከረጢቱን ሲፈቱ ከእህሉ መሐል አገኙት።

እኔ በበርበሬ ታጥኜ ያደግሁ ልጅ ነኝ። ስወልድ «የእኔ ልጆች ይህን አያዩም» ብዬ ነበር። ትናንት ግን ጭኑን ቆነጠጥኩት፤ እጄን ሳየው የእናቴን እጅ መሰለኝ። ምክር እንዳልሞክር በአንዱ ጆሮው ሰምቶ በሌላው ያፈሰዋል። ዱላ ካልሆነ፣ ጩኸት ካልሆነ፣ ምን ይቀራል? በተግባር የሞከራችሁትን ንገሩኝ።

ቆንጥጬ ያሳደግሁ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡05

ልጄ፣ አይክፋሽና እውነቱን ልንገርሽ። ያልተቆነጠጠ ልጅ ሲቆጡት ያለቅሳል። አምስት ልጆች አሳድጌ ለወግ ለማዕረግ አድርሻለሁ፤ ዛሬም ቤቴ ሲገቡ ጉልበቴን ስመው ነው። በዘጠኝ ዓመቱ ፊርማ ያስመሰለ በሃያ ዓመቱ ቼክ ያስመስላል። ባልሽ በመምታቱ አላጠፋም፤ ካጠፋም ከመታ በኋላ አስቀምጦ አለመምከሩ ነው። ይልቅ አንቺ ቆንጥጠሽ መጸጸትሽን ልጁ እንዳያይብሽ።

የሦስቱ አባት | ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡30

ጋሼ፣ በአክብሮት ልቃወምዎ። እኔም ተገርፌ ነው ያደግሁት። ትምህርት ቤት የሚገርፍ መምህር ባለበት ቀን ሁለት ሱሪ ደርቤ እሄድ ነበር። አለንጋው ያስተማረኝ ሱሪ መደረብን ነው። የዚህች እናት ልጅም ያደረገው ያንኑ ነው፦ መጀመሪያ ገጽ ቀደደ፣ ቀጥሎ ፈረመ፣ ከቀበቶው በኋላ ጤፍ ውስጥ ደበቀ። በየደረጃው የመደበቅ ሙያው አደገ እንጂ አልቀነሰም።

እህቴ፣ እኛ ቤት ሕጉ ሦስት ብቻ ነው። አንደኛ፣ በእጅ ሰው አይነካም፤ ይህ እኔንም ይጨምራል። ሁለተኛ፣ ቴሌቪዥን ከቤት ሥራ በኋላ። ሦስተኛ፣ የተሰበረና የጠፋ ነገር በዚያው ቀን ከተነገረ ቁጣ የለም፤ ከተደበቀ ግን ሁለት ጥፋት ነው። ሦስተኛውን ለማስለመድ ስድስት ወር ፈጅቶብኛል። ብርጭቆ ሰብሮ በመጣ ቁጥር ጥርሴን ነክሼ «ስለ ነገርከኝ አመሰግናለሁ፣ መጥረጊያ አምጣ» ማለት እንዴት እንደሚያንገበግብ የሞከረው ያውቀዋል። በዚያ ዓመት ስንት ብርጭቆ እንደተሰበረ አትጠይቁኝ።

ነጭ ጋውን | ሰኞ፣ ከምሽቱ 5፡10

በጤና ጣቢያ የምሠራ ነርስ ነኝ፤ አጭር ነገር ልበልና ልተኛ። በርበሬ የምታጥኑ ካላችሁ ተዉት። ጭሱ የመተንፈሻ ቧንቧን ያስቆጣል፣ ያጠብባልም፤ አስም ላለበት ልጅ ደግሞ ለሕይወቱ ያሰጋዋል፤ አስም እንዳለበት ቀድማችሁ ላታውቁ ትችላላችሁ። ኩርኩምና ጥፊም ቀላል አይደሉም፤ ጭንቅላትና ጆሮ የቀልድ ቦታ አይደሉም። ሕፃን ማልቀሱን አልተው ሲላችሁ ይዛችሁ አትነቅንቁ፤ አንጎሉ ሊደማ ይችላል። አልጋ ማርጠብም ጥፋት ስላልሆነ አያስቀጣም።

ለጀሞዋ እናት፦ ልጁ እንቅልፍ ይተኛል? ይበላል?

የጀሞዋ እናት | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡15

ይበላል። ሌሊት ግን ከእንቅልፉ እየተነሣ አማቴ መኝታ ይገባል። ባለቤቴ በሩን ሲከፍት ደግሞ ልጁ የሚያየው የአባቱን ፊት ሳይሆን ወገቡን ነው። ይህን የነገረችኝ የቤት ሠራተኛችን ናት፤ እኔ ልብ አላልኩም ነበር።

ጡረተኛ መምህር፣ ደብረ ማርቆስ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡20

ሌሊቱን የተጻፈውን ሁሉ አነበብኩ። አንድ የገረመኝ ነገር አለ፤ እስካሁን ማንም አልጠየቀም። ለመሆኑ መምህሯ ምን ብላ ነበር የጻፈችው?

34 ዓመት አስተምሬአለሁ። በአንድ ክፍል ሰባ ልጅ በነበረበት ጊዜ ልምጭም ይዣለሁ፣ ጠጠር ላይም አንበርክኬአለሁ፤ ዛሬ ስናገረው አላፍርም ብል ሐሰት ነው። ከዓመታት በኋላ ያስተዋልኩት የምገርፋቸው ልጆች ሁልጊዜ እነዚያው አምስት ወይም ስድስት ልጆች መሆናቸውን ነው። መስከረም ላይ የተገረፈው ሰኔም ላይ ይገረፋል። መድኃኒቱ ሠርቶ ቢሆን ኖሮ ሕመምተኛው ይቀየር ነበር። ከእነዚያ ልጆች አንዱ ቁርስ ሳይበላ የሚመጣ ነበር፤ አንዱ ጆሮው በደንብ አይሰማም ነበር። እኔ «ልበ ደንዳና» እያልኩ እገርፈው ነበር። ልጄ፣ ከምክሩ ሁሉ በፊት ሄደሽ መምህሯን አነጋግሪ።

የጀሞዋ እናት | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡50

ዛሬ ከሥራ አስፈቅጄ ሄድኩ። እየጻፍኩ እጄ ይንቀጠቀጣል።

የመጀመሪያው መልእክት «ልጁ የቤት ሥራ አያመጣም፤ ወላጅ በአካል ይምጡ» የሚል ነበር። መምህሯ ልትነግረን የፈለገችው ግን ሌላ ነው። ልጁ ከኋላ ነው የሚቀመጠው። ከሰሌዳው ሲገለብጥ ቁጥሮቹን ያዛባል፤ ሁልጊዜ ዓይኑን አጨንቁሮ የጎን ጓደኛውን ደብተር ያያል። «ዓይኑን አስመርምሩት ልላችሁ ነበር» አለችኝ። የቤት ሥራውን የማያመጣው ሰነፍ ሆኖ ሳይሆን ጥያቄው አልታየው ብሎ ስለማይገለብጠው ነው። እሱ ያነበበው «ወላጅ ይምጡ» የምትለዋን ብቻ ነው። እኛም ልጆች ሳለን «ወላጅ ይዘህ ና» ከተባልን በኋላ እንዴት እንደምናድር እናውቃለን።

ቅዳሜ የዓይን ሐኪም ዘንድ እንወስደዋለን። ባለቤቴ ነገሩን ስነግረው ምንም አልመለሰም። ተነሥቶ በረንዳ ላይ ቆመ።

ቆንጥጬ ያሳደግሁ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡15

ዓይኑን እግዚአብሔር ይማረው፤ እኔም አዘንኩ። ነገር ግን ነገሩን አናድበስብስ። ዓይኑ ቢደክምም ፊርማ ማስመሰሉ ጥፋት ነው። የታመመ ሁሉ አይዋሽም። አሁን «ምስኪን» ተብሎ ሊታለፍ ነው? መጽሐፉም ልጅን መገሠጽ ፍቅር ነው ይላል።

ጥቁር ካባ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4፡00

ጋሼ፣ መጽሐፉ በኤፌሶን 6፥4 አባቶች ልጆቻቸውን እንዳያስቆጡም አዝዟል፤ ያንን ጥቅስ በግርፊያ ሰዓት የሚያስታውስ አባት ግን አላጋጠመኝም።

ሙያዬ ሕግ ስለሆነ በዚያ በኩል ልጨምር። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ልጆች በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋማት ከአካላዊ ቅጣት ነፃ እንዲሆኑ ይደነግጋል። ስለዚህ ልምጭ የያዘ መምህር ካለ ወላጅ የመጠየቅ መብት አለው። ቤት ውስጥ ግን ነገሩ ይለያል፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 576 ልጅን ማንገላታትን ይቀጣል፣ ሕጋዊና ተገቢ የሆነ ተግሣጽን ግን አይነካም። «ተገቢ» የምትለው ቃል ናት ሰፊዋ በር። እ.ኤ.አ. በ1990 እዚሁ አዲስ አበባ የጸደቀው የአፍሪካ የሕፃናት መብትና ደኅንነት ቻርተር ደግሞ በአንቀጽ 20 ወላጅ በቤቱ የሚሰጠው ተግሣጽ ሰብአዊነትና የልጁን ክብር የጠበቀ እንዲሆን ይጠይቃል።

የጋሼ ጥያቄ ግን ትክክል ነው። ጥፋቱ መልስ ያስፈልገዋል።

ሰሜን ኮከብ፣ ስቶክሆልም | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 5፡25

እዚህ ስዊድን እ.ኤ.አ. በ1979 ልጅን መምታት ቤት ውስጥም ጭምር በሕግ ተከለከለ፤ በዓለም የመጀመሪያዋ ናት። ያኔ ሕጉን ሕዝቡ እንዲያውቀው በወተት ካርቶን ላይ ሳይቀር አትመውት ነበር። ቁርስ ላይ ልጁም አባትየውም እኩል ያነቡታል ማለት ነው፤ ብልህ ሰዎች ናቸው።

እኔ ስመጣ ግን የነገሩኝ «አትምቺ» ብቻ ነበር። ከእኛ ሰዎች ብዙዎቻችን «ልጆቻችንን ይወስዱብናል» በሚል ፍርሃት ዱላውን ጥለን ባዶ እጃችንን ቀረን። ልጁ ቤቱን ሲገለብጠው ዝም። ይህ ልጅ ማሳደግ አይደለም፤ ልጁንም ያስፈራዋል፣ የሚይዘው ሰው የለምና።

ከዚያ የወላጆች ሥልጠና ገባሁ። ከተማርኩት ሁሉ የጠቀመኝ አንድ ተራ ነገር ነው። አንድ ቀን ሙሉ «ተው» እና «ተይ» የሚሉት ቃላት ከአፌ ስንት ጊዜ እንደሚወጡ ቁጠሪ ተባልኩ። ምሳ ሳይደርስ አርባ አለፈ። «ተው» ልጁን ያቆመዋል፣ ምን እንዲያደርግ ግን አይነግረውም። «አትሩጥ» ማለቴን ትቼ «እጄን ያዝ» ማለት ጀመርኩ። «አትጩህ» ሳይሆን «በጆሮዬ ንገረኝ»። ስልኩን ከመንጠቅ ይልቅ «ይህ ሲያልቅ እንዘጋለን» ብዬ ቀድሜ ማሳወቅ፣ ሲያልቅም ያለ ንግግር መዝጋት። ሲያለቅስ አለመመለስ! እዚያ ላይ ነው ሁላችንም የምንወድቀው፤ ሦስት ቀን ጨክነን በአራተኛው ስለደከመን እንሰጠዋለን፣ ልጁም «አራት ቀን ማልቀስ ይበቃል» የሚለውን ይማራል።

ሌላው «ጎበዝ» ነው። ልጁ «ጎበዝ» ሲባል ምን እንዳደረገ አያውቅም። «ሳልነግርህ የእህትህን ጫማ አሠርክላት፤ አየሁህ» በይው። ፊቱን ታዪዋለሽ።

የኮምቦልቻዋ | ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 4፡10

ሰሜን ኮከብ፣ «አየሁህ» ያልሽው ልቤን ነካኝ። አነስ የሚባሉ ባልደረባቸው ነቢዩን፣ ሰላም በእርሳቸው ላይ ይሁንና፣ ዐሥር ዓመት ሲያገለግሉ አንድም ቀን «ኡፍ» እንዳልተባሉ ኡስታዛችን ሲያስተምሩን ሰምቼ ነበር። እኔ «ኡፍ» ሳልል ዐሥር ደቂቃ አልቆይም። ልጆቼ አራት ናቸው፣ ቤቱ አንድ ክፍል ነው። ምክር የምትሰጡ ሰዎች ይህንንም አስቡ። ሲበሽቀኝ ወጥቼ ውኃ እቀዳለሁ፤ ባይጎድልም እቀዳለሁ።

ሪያድ ያለሁት | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 6፡30

እኔ ልጄን በስልክ ነው የማሳድገው። ዐሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ እናቴ ጋ ናት። ስደውል እናቴ ጥፋቷን ትቆጥርልኛለች፣ ልጅቷን ታቀርባታለች፣ እኔ እቆጣለሁ፣ ስልኩ ይዘጋል። እንዲህ ሁለት ዓመት አለፈ። አንድ ቀን ጎረቤት ልጅ «አላገኘኋትም በላት ብላኛለች» አለኝ። የገዛ ልጄ ከድምፄ ትደበቃለች።

አሁን ዓርብ የሚደወለው ስልክ ስለ ትምህርትም ስለ ጥፋትም የማይወራበት ነው፤ እናቴም ቃል ገብታለች። ስለ ጥጃዋ ታወራኛለች። ቁጣ ካለ እሑድ ነው፣ ዓርብን አይነካም። ጥፋቷ ጠፋ አልልም፤ ስልኩን ግን ራሷ ታነሣለች።

ጡረተኛ መምህር፣ ደብረ ማርቆስ | ዓርብ፣ ከጠዋቱ 2፡45

ሪያድ ያለሽው፣ ዓርብን ጠብቂ።

አሁን ወደ «ቆንጥጬ ያሳደግሁ» ጥያቄ። ወንድሜ፣ ሁለት ጎረቤታሞች በድንበር ቢጣሉ ምን እናደርጋለን? ሽማግሌ እንጠራለን። ሁለቱም ይሰማሉ። ያጠፋው ጥፋቱን ያምናል፣ ይቅርታ ይጠይቃል፣ ካሳ ይክሳል፣ ከዚያ ወዲያ ነገሩ አይነሣም። ደም የተቃቡ ወገኖች እንኳ በዚሁ መንገድ ሲታረቁ አይተናል። ለአዋቂ እንዲህ ያለ ወግ ያለን ሰዎች ለልጅ ሲሆን እንረሳዋለን። ልጅ ሲያጠፋ ሳይጠየቅ ይገረፋል፤ ከተገረፈም በኋላ ጥፋቱ በየበዓሉ ለዘመድ ሁሉ ይወራል። ቅጣቱ አያልቅም፣ የቀደደው ገጽ ግን እንደተቀደደ ነው።

ስለዚህ ልጁ ያበላሸውን ራሱ ያቅናው። ገጹን ቀደደ? ለመምህሯ በእጁ ይጻፍላት። የቤት ሥራ ቀረ? ይሥራው። ቀላል አይደለም፤ ለዘጠኝ ዓመት ልጅ መምህር ፊት ቆሞ «እኔ ነኝ የፈረምኩት» ማለት ከቀበቶ ይከብዳል። ቀበቶ ሁለት ደቂቃ ነው።

የጀሞዋ እናት | ከቀናት በኋላ፣ እሑድ፣ ከቀኑ 9፡00

የዘገየሁት ነገሩ እስኪለይለት ብዬ ነው። አልለየለትም፤ ልጻፈው።

ዓይኑ በእርግጥ ሩቅ አያይም። መነጽር ታዘዘለት። ከሐኪም ቤት ስንወጣ የታክሲውን ታርጋ ጮክ ብሎ አነበበና ሳቀ። ባለቤቴ ፊቱን አዞረ።

የመምህሩን ሐሳብ ለአማቴ ነግሬአቸው «ሽማግሌ ይሁኑን» አልኳቸው። መጀመሪያ ሳቁብኝ። ቅዳሜ ቡና ሲፈላ ግን ነጠላቸውን አጣፍተው ተቀመጡ፣ ልጁንም ፊት ለፊታቸው አስቀመጡት። «አንተስ ምን ትላለህ?» አሉት። እስካሁን ይህን የጠየቀው ሰው አልነበረም። ብዙ ቆይቶ «ወላጅ ይምጡ የሚለውን ሳነብ ሆዴን አመመኝ» አለ። ካሳው ተወሰነ፦ ለመምህሯ ደብዳቤ ጽፎ በእጁ መስጠት፣ የቀረውን የቤት ሥራ ኳስ ከመውጣቱ በፊት መጨረስ፣ ለአያቱ ደግሞ ደብተሩ የተቀበረበትን ጤፍ አብሮ ማበጠር። የመጨረሻው የአማቴ ጭማሪ ነው።

ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «አንተስ?» ባለቤቴ «ባላውቅ ነው» አለ። «ጠይቀኸው ነበር?» ዝም አለ። «አንተን በበርበሬ ያጠንኩህ ዕለት ሦስት ቀን አላናገርከኝም፤ እኔም ጀግንነት መስሎኝ ነበር» አሉት። ቀበቶው አሁን አማቴ ፍራሽ ሥር ነው። ባለቤቴ ሁለት ቀን አኮረፈን፤ በሦስተኛው ሌላ ቀበቶ ገዛ፣ ግን ለሱሪው ነው።

ተለወጠ ወይ ብትሉኝ፣ ባለፈው ሐሙስ እንደገና ዋሸ። «መነጽሬ ጠፋ» አለ። እኔ ጮህኩ፤ ያንን የ«ሦስቱ አባት» ሕግ አፈረስኩት። ማታ ግን ራሱ ወደ ወጥ ቤት መጥቶ ከቦርሳው አውጥቶ ሰጠኝ። በክፍል ውስጥ «አራት ዓይና» እያሉ ስለሚስቁበት ደብቆት ነው። ለመናገር አንድ ቀን ፈጀበት። ቀድሞ ሦስት ሳምንት ነበር።

ነጭ ጋውን | እሑድ፣ ከቀኑ 9፡40

ሌሊትስ?

የጀሞዋ እናት | እሑድ፣ ከቀኑ 9፡45

በሳምንት አንዴ ይነሣል። አያቱ ለምደውት ቦታ ይለቁለታል።

የሦስቱ አባት | እሑድ፣ ከቀኑ 10፡05

አማትሽ ዘንድ ጉዳይ ለማስያዝ ወረፋው ስንት ነው? እኔም ከባለቤቴ ጋር አንድ ቀጠሮ ይኖረኛል።

ቆንጥጬ ያሳደግሁ | እሑድ፣ ከምሽቱ 1፡20

አቋሜ ያው ነው፤ አንዲት ቁንጥጫ ሰው አትገድልም። ለአማትሽ ግን ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ እንዲህ ያለ ዳኛ በአገር አልቀረም ብዬ ነበር። ጤፉን ያበጥር የሚለው ፍርድ በጣም ተመችቶኛል።

ጡረተኛ መምህር፣ ደብረ ማርቆስ | እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡00

ልጄ፣ ለልጅሽ ይህን ንገሪው። በአገራችን የቤተ ክርስቲያን ትምህርት «አራት ዓይና» ስድብ ሳይሆን ማዕረግ ነው። ብሉዩን፣ ሐዲሱን፣ ሊቃውንቱንና መጻሕፍተ መነኮሳቱን፣ አራቱንም ጉባኤ አሂዶ የተካነ መምህር ነው አራት ዓይና የሚባለው። እዚህ ጎጃም በዚህ ስም የሚጠራ ሲገባ ሰው ከመቀመጫው ይነሣል።

የጀሞዋ እናት | እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡35

አሁን ነገርኩት። መነጽሩን አድርጎ እስክጨርስ ሰማኝና «እነሱም ከኋላ ነበር የሚቀመጡት?» አለኝ።